ፊዚክስ ፊደል የሆነበት ዓመት

አሥረኛ ክፍልን ዳባት ስጨርስ ከትምህርት ሁሉ ፊዚክስን እወድ ነበር። መምህራችን ገመድና ድንጋይ ይዘው ይገባሉ፤ እንጎትታለን፣ እንገፋለን። በጥያቄው ውስጥ መኪናዋ ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ትሄዳለች። ቁጥሩን ቀመሩ ውስጥ መክተት ነው፣ መልሱ ይወጣል።

ለመሰናዶ ደባርቅ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ አክስቴ ቤት ገባሁ። እዚያ የሚያስተምረን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይሰጣል፣ ሳንጀምር መልሱን ተናግሮ ያልፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስትጽፍ አያለሁ፤ እኔ ምን እንደምጽፍ እንኳ አላውቅም።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ፕላዝማው ሲያስተምር ጥግ ይቆሙ የነበሩት የክፍሉ መምህር ጠመኔ አንስተው ሰሌዳውን በፊደልና በቀስት ሞሉት።

«ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ቢለዋወጥስ?» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ነይ፣ ውጪ።»

ወጣሁ። ጠመኔውን ተቀበልኳቸው።

«የትኛውን ቁጥር ልክተት?»

«ቁጥር አትፈልጊ። ቁጥር የለውም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ ቁጥር የለውም መባሉ ነው ያስደነገጠኝ።

ማታ ለአክስቴ ወደ ሶሻል ልቀየር ነው አልኳት።

«ዳባት የተማርሽው ጠፋሽ እንዴ?»

«አልጠፋኝም እትዬ። ግን እዚህ አያድነኝም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ መምህሩን ጠይቂያቸው። እሳቸውም ካስፈሩሽ ያኔ ትቀየሪያለሽ።»

በማግስቱ እየፈራሁም ቢሆን ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። «ታች ክፍል የተማርሽው ውሸት አይደለም፤ ቀላል ቀላሉን መርጠውልሽ ነው» አሉኝ። ፍጥነቱን የሚያሳይ ጠማማ መስመር ሣሉና በቀጫጭኑ ከፋፈሉት። «እያንዳንዷ ቁራጭ ውስጥ መኪናዋ እንደ ድሮው በእኩል ፍጥነት ትሄዳለች በይ። ከዚያ ደምሪያቸው።» ገባኝ። ሁሉም አይደለም፣ ጥቂቱ። ሳልቀየር ቀረሁ።

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ደረሰኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አስተማሪያችን፣ ትንሿ ቅንጣት የት እንዳለች መገመት እንጂ እዚህ ናት ማለት አይቻልም ብሎ ሲጀምር የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ። ከፋፍዬ የምደምረው መስመር እንኳ አልነበረም። ፈተናው ቀን እጄን ስላላበኝ ወረቀቱ ረጠበ፤ ቢሆንም ጻፍኩ።

ውጤት እንደወጣ አክስቴ ደወለች።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ፍርሃቱስ?»

«እሱ አላለፈም እትዬ። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ ይላሉ።»