ሰሊጡ ደርሷል፣ አልደረሰም

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከካቦው ጋር እርሻዬ መሃል ልንተናነቅ ምንም አልቀረንም ነበር...

ይኸው እስከ ዛሬ ያንኑ አወራለሁ። ከንዴት እንዳይመስላችሁ፣ ከደስታ ነው!

ከኮኪት ወጣ ብሎ የሰሊጥ እርሻ አለኝ። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ታግሦ አይጠብቅም። ቀድመህ ካጨድኸው ፍሬው ገለባ ይሆናል። ከዘገየህ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፍና ለጉንዳን ይሆናል። ባለቤቴ ስንዱ ካረፈች ወዲህ የመጣው ሁለት ምርት እንዲሁ መሬት ላይ ቀረ። የመጀመሪያውን «ነፋስ ነው» አልሁ። ሁለተኛውን «ሠራተኛው ለግሞ ነው» አልሁ። ዘንድሮም ከረገፈ ግን እርሻውን ለባለሀብት አከራይቼ ቤቴ መቀመጤ ነው። አገሩም «ስንዱ ከሞተች ሽማግሌው አበቃለት» ማለት ጀምሯል።

የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ የጎጃም ሰው ነው። አፉ አያርፍም።

«አባቴ፣ ደርሷል እኮ! ዛሬ ካልገባንበት ልጆቹ ለሌላ እርሻ ወደ አብርሃ ጅራ ይሄዱብኛል።»

«አልደረሰም! ለምለም ነው!»

«ኧረ በማርያም፣ ቢጫ ሆኗል!»

«ቢጫ የሆነውስ ያንተ ዓይን ነው፤ ሂድና ወባህን ተመርመር!»

በዚህ መሃል ልጄ ትርንጎ የሠራተኞቹን ምሳ ተሸክማ መጣች። ከኋላዋ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ማስረሻ።

ይህ ልጅ ሳይንስ መማር ከጀመረ ወዲህ እኔ ሰላም የለኝም። ዓምና የአካባቢ መራቆት ተማረና «አባባ፣ እዚህ የነበረውን ደን ማን መነጠረው?» ብሎ እንግዳ ፊት ጠየቀኝ። ቀጥሎ ስለ ሱስ ተማረና ቱምባኬን ከከንፈሬ ሥር ሊያስተፋኝ ተነሣ። አሁን ደግሞ...

«አባባ፣ መምህራችን እርስዎን ጠይቅ ብሎኛል።»

«ዛሬስ ምን አጠፋሁ?»

የዘር ውርስ ተምረው ኖሯል። መምህሩ ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል ያሳያቸዋል። ክፍሉ በሙሉ ውስጡ ያለውን ቁጥር ሲያነብ፣ ማስረሻ ብቻ ምንም አላየም። ሳቁበት። መምህሩ ግን «አትሳቁ፤ አንዳንድ ዓይን ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ አይለይም፣ ቢጫም ይምታታበታል፤ ይህም በዘር ይወረሳል። እናት ለልጇ ታሳልፈዋለች እንጂ እሷን ብዙውን ጊዜ አይነካትም። አንተ የእናትህን አባት ጠይቅ» አለው። ሥዕሉንም በትርንጎ ስልክ ላከው።

«የእኔን ዓይን ነው? ጅግራ ከሣር ውስጥ ለይቼ የምመታውን ሰውዬ?» እያልሁ ስልኩን ነጠቅኋት።

አየሁት። ዘቅዝቄ አየሁት። ነጠብጣብ ነው... የተደፋ ምስር።

«ምንም የለበትም።»

ካቦው በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሰባ አራት ይላል እኮ» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ!»

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። ሰባ አራት። ሰባ አራት። ሰባ አራት... ተማክረው ነው አልሁ።

እኔ መቼም በዋዛ አልሸነፍም። ከዚህም ከዚያም የሰሊጥ አገዳ ቆረጥሁና ከትራክተሩ ጀርባ ዘረጋሁት። ሠራተኞቹን ለየብቻ እየጠራሁ «አረንጓዴውን አንሣ» አልሁ። ሁሉም ከዚያ ሁሉ መሃል እነዚያኑ ሁለቱን አነሡ! ሌላው ቢጫ ነው አሉ።

በመጨረሻ ማስረሻን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አገላበጣቸው።

«አባባ... ሁሉም አንድ ናቸው እኮ።»

እኔም እንደሱ ነው የማየው!

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ታፍናለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«እማዬ እኮ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ቀለም እንደሚምታታብዎት። ‹ሰው ፊት አትንገሩት፣ ይከፋዋል› ትለን ነበር። ለአጎቴ ለቅሶ ቀይ ሹራብ ለብሰው ሊወጡ ሲሉ፣ ‹ትኋን ገብቶበታል› ብላ ያስወለቀችዎት...»

«ያ ሹራብ ቀይ ነበር? ቡኒ አልነበረም እንዴ?!»

ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ወደቀ። ካቦውማ እንባው ፈሰሰ።

እኔ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ... በየጥቅምቱ ስንዱ ብቻዋን ማሳውን ዞራ ትገባና «በል፣ ነገ ሰው ጥራ» ትለኛለች። እኔ «ገና ነው» እላለሁ። እንጨቃጨቃለን። ለቤቴ ሰላም ብዬ እሺ እላታለሁ። ሰሊጣችንም ረግፎ አያውቅም።

ለካ ዓይኔ እሷ ነበረች። ግን ለትዝታም ጊዜ የለም፤ ሰሊጡ ደርሷል!

«ምን ትገተራላችሁ? ግቡበት እንጂ!» ብዬ ጮህሁ። ማጭድ አንሥቼ ፊት የገባሁት እኔው ነኝ። ካቦው «ኧረ አባቴ፣ ቀስ!» እያለ ከኋላ ይሮጣል። ይኸው ዛሬ ሁሉም ታጭዶ፣ ታሥሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ሂላ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ሂዱና ከሥሩ የረገፈ ፈልጉ!

ከሰሊጡ ይልቅ ያስጨፈረኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ልጅ ሁሉም «ቁርጥ አባቱን» ይሉት ነበር። አፍንጫው የዚያ ወገን፣ አረማመዱ የዚያ ወገን። እኔ ከልጅ ልጄ ላይ የእኔ የምለው ጥፍር እንኳ አጥቼ ነበር። አሁን ግን መጽሐፍ መሰከረ፤ ዓይኑ የእኔ ነው! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ዋልሁ። ማስረሻም ለሳቁበት ልጆች «የአያቴ ዓይን ነው!» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነግሯቸዋል።

ለከርሞ ሰሊጡን ትርንጎ ታይልናለች። ማስረሻ ጊዜው ደርሶ ሚስት ሲያገባ ግን... ሙሽሪትን መጀመሪያ ማሳው መሃል አቁሜ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ብዬ ነው የምፈትናት!