የአባቴ ኑግ ዘይት

ከደብረ ማርቆስ ቤተ ሙከራዬ ሲወስዱኝ ማሽከርከሪያው ማሽን እየዞረ ነበር። ውስጡ በትንሽ ብልቃጥ የአባቴ ኑግ ዘይት አለ። አባቴ ሞቶ፣ የኑጉም ዘር አልቆ፣ የቀረችው ቤት ያለች አንዲት ጠርሙስ ብቻ ነበረች። ከዘይቱ ዲኤንኤ አውጥቼ፣ ዘመዱ የሆነውን ኑግ ደብረ ኤልያስ ካሉ ገበሬዎች ፈልጌ መልሼ ልዘራው ነበር ሐሳቤ። ዘይት ዲኤንኤ የለውም ማለት ይቀላል፤ ብዙውን ከጨው ውሃ ጋር በጥብጠህ አሽከርክረህ፣ ከሥር የሚዘቅጠው ዓይን ባይሞላም ጥቂት አይጠፋም።

«ይሄ ምን መርዝ ነው?» አለ ፖሊሱ።

«የኑግ ዘይት ነው።»

«ዘይት በማሽን ይዞራል እንዴ?»

ብልቃጧን ፍሪጅ ላስገባት ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። በምን እንደታሰርኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የእስር ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስ ብርድ ልብስ ይሸታል። ቤቴ ናፈቀኝ፤ ያቺ ብልቃጥም፣ አልዋሽም፣ እንደ ሰው ናፈቀችኝ። ቀን መቁጠሩን ተውኩት።

በጾም አንድ ቀን ባለቤቴ ሽሮ ይዛ መጣች። ጠባቂው እንደ ደንቡ «ቅመሺ» አላት፤ ቀመሰች። ምሳ ዕቃውን ስከፍተው በአባቴ ዘይት መሠራቱን ሽታው ነገረኝ።

«ያቺን ጠርሙስ ከፈትሻት?»

«ጨረስኳት።»

«ምን ነካሽ? ሌላ ዘይት ጠፍቶ ነው?»

«ሌላማ ሞልቷል። ዛሬ እኮ የአባባ ሙት ዓመት ነው። አንተ እዚህ ሆነህ በምን ላስባቸው?»

ጠባቂው «በቃ» አለን።

ክፍል ስገባ ለታሳሪዎቹ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አብረውን ታስረው ነበር፤ የአባቴን ክርስትና ስም ጠይቀው ተነሡና ጸለዩ። ጠባቂው በሩን ደበደበ። እሳቸው አላቋረጡም፤ ጨርሰው ተቀመጡ። እኔም አባቴ በቤቱ እንግዳ እንደሚያጎርሰው እየዞርኩ ሁሉንም አጎረስኩ። የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልዬ በበሩ መስኮት ለጠባቂው ዘረጋሁለት።

«የአባቴ ነው፤ አንተም ቅመስ።»

ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ጎረሰ።

ስፈታ ብልቃጧ ተበላሽታ ጠበቀችኝ። ዛሬም ሉማሜ ገበያ በወጣሁ ቁጥር የአባቴን ኑግ ሽታ ፍለጋ ኑግ ዘግኜ አደቅቅና አሸታለሁ። ስመለስ ባለቤቴ «አገኘኸው?» ትለኛለች።

«ለከርሞ» እላታለሁ።