የዝናብ መደርደሪያ

ነጠላዬን አልወሰዱብኝም። ስልኬን፣ የጫማዬን ክር፣ የፀጉሬን ማስያዣ፣ የእንጨት መስቀሌን ሳይቀር ተቀብለው በላስቲክ ከረጢት ቋጠሩት። ነጠላውን ግን ሴቷ ዘብ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችውና «ለጸሎት ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። መለሰችልኝ። ቸርነቷን አልረሳም። የሚቆጨኝ በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን የሸፈንኩት በዚያው ነጠላ መሆኑ ነው።

ክፍሉ ምድር ቤት ነበር። ድሮ የመኪና ማቆሚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ወለሉ ላይ የተፋፋቀ ቢጫ መስመር ነበረበት። ከመስመሩ ወዲህ አራት ስስ ፍራሽ፣ ከመስመሩ ወዲያ የመጸዳጃ ባልዲ። በጣሪያው በኩል ወፍራም የውሃ ቧንቧ ያልፋል፤ ፎቅ ላይ ሰው በታጠበ ቁጥር ውሃው በላያችን እየተንሾካሾከ ይሄዳል። ነሐሴ ነበር። የቤይሩት ነሐሴ ጠብታ አያውቅም። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ጭቃው እግር እንደሚይዝ እያሰብኩ ላቤን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ኋላ ላይ አንዳንድ ሰዎች «የፖለቲካ እስረኞች» ብለው ሲጠሩን ሰምቼ አፍሬአለሁ። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ያን እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ዶራ ሰፈር የሄድኩት፣ ፎቶ ይዘን ለግማሽ ሰዓት ዝም ብለን እንቆማለን ስለተባለ ነው። ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የለመድኩት ነው።

ፎቶው ፋናር በሚባለው ሰፈር ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቃ የሞተች የአገራችን ልጅ ፎቶ ነበር። ራሷን ወረወረች ተባለ፤ መዝገቡ በዚያው ሊዘጋ ነበር። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ ግን አንዲት የወሎ ልጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ይህች ልጅ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ «በረንዳው ላይ ብቻዋን አልነበረችም።» ከእሷ ሌላ ያየ የለም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ የቻለ ሮጠ። ሰባታችን ተያዝን። የመኪናው በር ሊዘጋ ሲል አንዲት የአገሩ ጠበቃ እጇን በክፍተቱ አስገብታ ያዘችው። «ረቡዕ ጠዋት ፈቃድ ይዤ እመጣለሁ። የልጅቷን ቃል እጽፋለሁ። እስከዚያ ምንም ወረቀት እንዳትፈርሙ!» አለች። እኔና የወሎዋ ልጅ ተያየን። ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ምን አላት አልን።

ስድስታችንን አንድ ላይ አስገቡን። የወሎዋን ልጅ ለብቻዋ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ዘጉባት። ከሰባታችን አማርኛ የምንሰማው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ከኬንያ፣ ከካሜሩን፣ ከስሪላንካ የመጡ ናቸው፤ የምንግባባው በወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። ትልቋ ፊሊፒናዊት ነበረች። ቲታ እንላታለን፤ በእነሱ አክስት ማለት ነው።

ወደ ማዶ ማውራት ክልክል ነበር። ዘቧ የመጀመሪያውን ቀን በበሩ ቀዳዳ አፏን አስጠግታ ሕጉን ነገረችን። «ዘፈን ይቻላል። ሌሊቱ ይረዝምብኛል፣ ዝፈኑልኝ። ወሬ ግን ኸላስ!»

ቲታን ደግሞ ዘፈን አታስተምራትም። ባዕብዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ቤት ለረጅም ዘመን ሠርታለች። ሰውየው አንድ ክፍል ሙሉ የድሮ የፈረንጅ ሸክላ ነበረው። ሥራዋ አቧራ መጥረግ ነበር።

«የኔ ሚስተር ሸክላውን በዘፋኝ ስም አይደረድርም» አለችን። «በቃል ነው። ርዕሱ ላይ ‹ሌሊት› ያለበት ሁሉ አንድ መደርደሪያ። ‹ፀሐይ› ያለበት ሌላ። ‹ቤት› ያለበት ሌላ። ሮከሩም፣ ክራባት ያሰረውም፣ ፀጉሩን እስከ ወገቡ የለቀቀውም፣ ርዕሳቸው አንድ ቃል ካለው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ያኒ እንደ እኛ።»

«ትልቁ የፍቅር ነዋ?» አለች ኬንያዊቷ።

«ፍቅርማ ክፍሉን ሞልቶ ኮሪደር ወጥቶ ነበር። ወገቤን የሰበረኝ እሱ ነው። ሚስተር የሚወደው ግን የዝናቡን ነው። ሲከፋው ‹ከዝናቡ አምጪልኝ› ይለኛል። ፈረንጅ ሲያዝን ስለ ዝናብ ነው የሚዘፍነው።»

እኛ ዘንድ የሚለቀሰው ዝናቡ ሲቀር ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት።

ሰውየው ሞተ፤ ልጆቹ ሸክላውን በጆንያ አውጥተው ሰጡት። መደርደሪያዎቹ ያሉት አሁን ቲታ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ጨዋታውም ከዚያ መጣ። ቲታ አንድ መደርደሪያ ትከፍታለች፤ ከመደርደሪያው ሁለት ሦስት ታወጣለች፤ ከዚያ እያንዳንዷ በአገሯ ቋንቋም ቢሆን ርዕሱ ላይ ያ ቃል ያለበት ዘፈን ትላለች። ያጣች ወደ ባልዲው በኩል ትሄዳለች። ማዶ ያለችውም በቀዳዳዋ እየተቀበለች ትጫወት ነበር። እሁድ ማታ ‹ሌሊት› ተከፈተ። ሰኞ ‹ፀሐይ›። የወሎዋ ልጅ እንግሊዝኛውን እየሰባበረች፣ ያልገባትን በ«ላላላ» እየሞላች ስትከተል ኬንያዊቷ በሳቅ ፍራሹ ላይ ትንከባለል ነበር። ድምፅዋን በሰማን ቁጥር አለመፈረሟን እናውቃለን። ቲታ ይህን በቃል አልተናገረችም፤ ነገር ግን የወሎዋ ልጅ፣ ወረቀት ሊያስፈርማት ከሚያስጠራት መኮንን ዘንድ በተመለሰች ቁጥር ቲታ ወዲያው መደርደሪያ ትከፍት ነበር።

እኔ አልተጫወትኩም። ፍልሰታ ነው። ከዚያም በላይ ስለት አለብኝ። ድሮ በሰፈራችን ሠርግ አውጪ እኔ ነበርኩ፤ ዘፈን ሳወጣ አጥር ላይ ሰው ይሰቀላል። የነፍስ አባቴ መክረውኝ ተውኩ፤ ወደ ቤይሩት ስመጣ ደግሞ ዳግመኛ ዘፈን ከአፌ ላይወጣ በእመቤታችን ፊት ቃል ገባሁ። ስለዚህ ተራዬ ሳይደርስ ነጠላዬን ይዤ በራሴ ፈቃድ ባልዲው አጠገብ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ኮርቼ ነበር።

«እማሆይ ባልዲውን ልታመነኩሰው ነው!» አለች የወሎዋ ልጅ ከማዶ፣ በዜማ አድርጋ። እማሆይ ያለችኝ እሷ ናት። ዶራ ላይ ነጠላዬን አይታ ያወጣችልኝ ስም ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ወሰዷት። የተመለሰችው ቆይታ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ቀደም ሲል ዘቧ ነግራናለች፤ በራሴ ፈቃድ አገሬ እገባለሁ፣ የማውቀውም የምከሰውም ነገር የለኝም የሚል ነው። ከፈረመች አውሮፕላን ላይ ናት። ከሄደች ያየ የለም።

ቲታ መደርደሪያ ከፈተች። ያን ቀን የዝናቡን ነበር። አንድ ዘፈነች፤ ማዶ ዝም። ሁለተኛ ዘፈነች፤ ዝም። ከዚያ የወሎዋ ልጅ ድምፅ መጣ፤ በሙሽራ ሽኝት ዜማ፣ ቀስ ብሎ፣

«እማሆይ፣ እማሆይ፣ ወረቀቱ መጣ፣
ብቻዬን ነኝና ልቤ ከኔ ወጣ።
የኛን ዝናብ በይኝ፣ አንዴ ልስማውና፣
እስከ ነገ ጠዋት እንደ ምንም ልጽና።»

«ምን አለች?» አለች ቲታ። ነገርኳት።

«ታዲያ ዝፈኚላታ! ያላ!»

«ጾም ነው» አልኩ።

«ከምግብ ከሆነ እዚህ ሁላችንም ጾመኛ ነን!» አለች ኬንያዊቷ።

ቲታ መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማል። «የቤተ ክርስቲያንሽንስ? እሱን በያት። ቋንቋዋን ትስማ ብቻ።»

«በመዝሙር ጨዋታ አይጫወቱበትም» አልኳት።

አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ያኔ ግን በቀላሉ ነው ከአፌ የወጣው። ለሁለቱም በር መልስ ነበረኝ፤ ዘፈን ኃጢአት ነው፣ መዝሙር ደግሞ አይቀልልም። ተነስቼ ወደ ቀዳዳው ሄድኩና በግልጽ ቃል፣ «ጾም ነው እህቴ፤ ጸልዪ» አልኳት።

«ወሬ!» ብላ ዘቧ በሩን በቁልፏ መታችው።

ከማዶ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። «ዱዓዬንም መንዙማዬንም ሌሊቱን ጨረስኳቸው እኮ፣ እማሆይ» አለች። ቀጥላ፣ «እሺ፤ ከጾምሽ ላወጣሽ ብዬ አይደለም። አፉ በይኝ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ቲታ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ከዝናቡ መደርደሪያ አወጣች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ዘፈነች። እኔ ነጠላዬን ደራርቤ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። አንዷም ቃል ልቤ አልገባችም። በነጠላው ውስጥ የምሰማው የቧንቧውን ውሃ ብቻ ነበር።

ማታ ዳቦ ስታድል ዘቧ ደስ ብሏት ነገረችን። «ትንሿ ፈርማ ጨረሰች። ነገ በማለዳ ወደ ቤቷ።» የምሥራች የነገረችን መስሏት ነው።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቲታ ድርሻዬን ዳቦ አምጥታ፣ አይብ ያልነካውን በኩል መርጣ ሰጠችኝ።

ሲነጋጋ የማዶው በር ተከፈተ። ሳላስበው ቀዳዳው ጋ ደርሻለሁ። በጠባቡ የሚታየኝ የቀሚሷ ጫፍና አንድ ላይ የታሰሩት እጆቿ ነበሩ። ያን ጊዜ አወጣሁት። በሰፈራችን ሠርግ ሁሉ የማወጣው፣ ስለ ዝናብ የሚባል ዘፈን ነው። ለዓመታት ያልተነካ ጉሮሮ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተንቋቋ፤ ዜማውንም ከፍ አድርጌ ጀምሬው ነበርና መሀል ላይ ሊሰበርብኝ ደረሰ።

እጆቿ ቆሙ። ዘቧም ቆመች፤ ዘፈን ይቻላል ያለችው እሷ ናትና።

የወሎዋ ልጅ ተቀበለችኝ። እንደ ሠርግ ቤት፣ አንድ ቃል ሳትስት። እጇን ማጨብጨብ ስላልቻለች በእግሯ ወለሉን መታች። ሁለት ጊዜ ዞርነው። ከኋላዬ ቲታና ሌሎቹ ቃሉን ሳያውቁ ጭብጨባውን ያዙልን።

«እማሆይ!» አለች፣ እየወሰዷት። «ሠርገኛ ነበርሽ እንዴ? ወላሂ ሸውደሽናል!»

ከዚያ የብረቱ በር።

ጠበቃዋ በተናገረችው ቀን፣ በአራት ሰዓት ገደማ መጣች። ፈቃዱን ይዛለች። ልጅቷ የት ናት አለች። ሄዳለች አልናት። ብዕሯን ክዳኑን ገጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ያቺ የክዳኑ ድምፅ አሁንም ትሰማኛለች። «አንቺስ ያየሽው ነገር አለ?» አለችኝ። አላየሁም። የሰማሁትን ነገርኳት፤ የሰማ ሰው ቃል ያየ ሰውን ቃል እንደማይተካ እሷም እኔም እናውቃለን።

በማግስቱ ያው ወረቀት ለእኔ መጣ። መኮንኑ ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለና ጣቱን አሳረፈበት። ብዕሩን ተቀበልኩ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ በፊደል፣ እንደ ትምህርት ቤት ሳላጣብቅ፣ «ይህን ወረቀት ማንበብ አልችልም። ማንበብ የማልችለውን አልፈርምም» ብዬ ጻፍኩ።

ረጅም ፊርማ መሰለው። ከዚያ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። ነገርኩት።

«ይሄን እዚህ የሚያነብ የለም።»

«እኔ አነበዋለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን አጣጥፎ ወሰደው። በሌላም አላስፈረመኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቷ የምሠራላት ማዳሜ፣ ያለ እኔ ቤቱ እንዳልነበር ሆኖባት፣ መጥታ ዋስ ሆነችኝ።

ዛሬም ቤይሩት ነኝ። እሁድ እሁድ ከዶራ ሚኒባስ ስይዝ በፋናር በኩል የማልፍበት ጊዜ አለ። ያ በረንዳ አሁን በመስታወት ተዘግቷል፤ የአበባ ማሰሮ ደርድረውበታል። ጠበቃዋ የወሎዋን ልጅ ቃል በስልክ ለማስመዝገብ ሞክራ ነበር፤ በስልክ አይሆንም አሏት። መዝገቡ፣ ያየ የለም ተብሎ ተዘጋ።

የወሎዋ ልጅ አንድ ጊዜ ድምፅ ልካልኛለች። ከኋላዋ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ይወርዳል። «ስሚው እማሆይ፤ ኦርጅናሉ ይኸውልሽ!» አለችና ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋችው። ስለ ማክሰኞው አንድም ቃል አላነሳችም። ለቲታ ላስተላልፍላት ብዬ ነበር፤ ቲታም አገሯ ከገባች በኋላ ስልኳ አይሠራም።

የነፍስ አባቴን በስልክ አግኝቼ ተናዝዣለሁ። በፍልሰታ፣ ስለቴን አፍርሼ፣ ዘፈን ዘፈንኩ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለመሸኘት ነው አልኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ቀላል ነበር፣ በሳምንት ጨረስኩት።

እሱ ረቡዕ የዘፈንኩት ነው። ማክሰኞ ያልዘፈንኩትን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ስልኩን አነሳለሁ፤ ኃጢአቱን ምን ብዬ እንደምጠራው አጣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።