ግማሽ ደቂቃ የማይበቃው ሰላምታ

ያለምወርቅን በመልክ የሚያውቃት የማርቆስ ከተማ ሰው ጥቂት ነው። በድምፅ ግን ከአማኑኤል እስከ ቁይ ስንዴ የዘራ ሁሉ ያውቃታል። ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ስትጠይቅ ሻጩ ቀና ብሎ ሳያያት፣ "ኮምባይነሩ ወደኛ መቼ ይመጣል?" ይላታል። ባሏም መጀመሪያ የወደዳት በስልክ ነው ይባላል። ሐሜት አይሁንብኝና፣ አንድ ጥማድ መሬት የሌለው ሰው ኮምባይነር ልከራይ ብሎ ደወለ አሉ። ደጋገመ፣ ደጋገመ፣ አገባት።

ሥራዋ የጋሽ አብዱልአሊምን የአጨዳ ኮምባይነሮች ማሰማራት ነው። ገበሬው ስንዴው ሲደርስለት ይደውላል፤ የሚደውለው ግን ወይ ጎህ ሳይቀድ፣ ወይ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ያን ጊዜ ቢሮው ዝግ ነው። ስለዚህ ስልኩን የሚያነሳው ጠረጴዛዋ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። የእሷን የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፣ ደዋዩ መልእክቱን ይተዋል፣ እሷ ጠዋት ሰምታ ኮምባይነሩ የት እንደሚሄድ ትወስናለች።

የደጋ ገበሬ ደግሞ ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ እንዴት ከረማችሁ ይላል። ከዚያ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን ይጠይቃል። ነገሩ በከበደው መጠን ሰላምታው ይረዝማል፤ እጅግ የቸገረው ሰው የጋሽ አብዱልአሊምን በቅሎ ሳይቀር ደህና ናት ወይ ይላል፤ ጋሽ አብዱልአሊም በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም። ያለምወርቅ ሰላምታውን እየሰማች፣ "ይኼ ሰውዬስ ጭንቅ ላይ ነው" ትላለች። አሮጌው ኮምፒውተር ትዕግሥቱ የመነኩሴ ነበር፤ ደዋዩ እስኪጨርስ ይቀዳል።

ግን አረጀ። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር እንደ አስም በሽተኛ ያለከልክ ጀመር። ጋሽ አብዱልአሊም፣ "አጨዳ ላይ ሳለን ሞቶ ጉድ ሳይሠራን" አሉና የሺዋስ የሚባል ባለሙያ አስመጡ። የሺዋስ መልካም ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ሥራውን በጥሩ ሁኔታ መጨረሱ ነው። ስልክ ማንሳቱንም መልእክት መቅዳቱንም ሰርቨር ወደሚባል አዲስ ማሽን አዛወረ፣ አሮጌውን ለደህንነት ሲባል ባዶ አድርጎ አጠፋው፣ ምሳውን በልቶ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

በማግስቱ ያለምወርቅ መልእክት ልትሰማ ተቀመጠች።

"እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን…" ጢጥ።

ሁለተኛው፣ "ጤና ይስጥልኝ ያለምወርቅ፣ ባልሽ እንዴት ነው፣ ያ ወገቡን ያመው የነበረው…" ጢጥ።

ሁሉም እንደዚያው። አዲሱ ሰርቨር ለአንድ ሰው የሚሰጠው ግማሽ ደቂቃ ነው። በግማሽ ደቂቃ የማርቆስ ዙሪያ ገበሬ ገና ዝናቡ ላይ አልደረሰም። ይባስ ብሎ መልሳ እንዳትደውል፣ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥር የድርጅቱ የራሱ ቁጥር ነው። ያን ቀን ድርጅቱ ለራሱ ሰላምታ ሲልክ ዋለ ማለት ነው።

የሺዋስ ጋ ደወለች።

"ጊዜውን አስረዝምልኝ።"

"የማሽኑ ፈቃድ የተገዛው ለግማሽ ደቂቃ ቅጂ ብቻ ነው፣ እህቴ። እኔ አልከፍተውም፤ አዲስ አበባ ያሉት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ወረፋ አላቸው። ቁጥሩም ያኔ አብሮ ይስተካከላል።"

"እስከዚያስ?"

"ሰላምታውን ትታችሁ ጉዳዩን ተናገሩ ብለሽ ቅጂው።"

ልትቀዳ ተቀመጠች። አፏ እምቢ አለ። "ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ እንዲያው ቅር እንዳይላችሁ እንጂ፣ ይኼ አዲሱ ማሽን…" ጢጥ። እሷንም ቆረጣት። ቆርጣ፣ ጨክና፣ አጭር ቀዳች። በማግስቱ የመጣው መልእክት ሁሉ፣ "ምነው ያለምወርቅ፣ ድምፅሽ ተለወጠ፣ አሞሻል እንዴ፣ ማን አስቀየመሽ…" የሚል ሆነ፤ ግማሽ ደቂቃው እሷን በማጽናናት አለቀ። ጎህ ሳይቀድ ቢሮ መጥታ ራሷ ላንሳው ብትል፣ ሰርቨሩ ከእሷ ቀድሞ ያነሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰማዩ ያለ ወቅቱ መዳመን ጀምሯል። በኅዳር፣ የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ከወረደ ስንዴው መሬት ላይ ይተኛል፤ የተኛውን ኮምባይነር አያነሳውም፣ ቆሞ የቀረውም ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ያለምወርቅን እንቅልፍ የነሳት ግን የአንድ ሰው ድምፅ ነበር፤ የእትዬ ወለተ ኪዳን። አማኑኤል አጠገብ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ርቀዋል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ኮምባይነር ከለመደ ወዲህ ማጭዱን ሰቅሏል። ያ ስንዴ የዓመት ጉርሳቸው ነው። ሦስቴ ደውለዋል፤ በሦስተኛው በቅሎይቱን ጠይቀዋል።

ያለምወርቅ ጋሽ አብዱልአሊም ዘንድ ገባች።

"ጋሼ፣ ለእትዬ ወለተ ኪዳን አንድ ኮምባይነር ይላክላቸው።"

"ምን አሉ?"

"እንዴት ናችሁ አሉ።"

"ደህና ነን በያቸው።"

"ተቸግረው ነው ጋሼ። ሰላምታው ረዝሟል።"

"ልጄ፣ ኮምባይነር ለሰላምታ አይላክም። ስንዴው እርጥብ ቢሆንስ? ጎረቤቶቻቸው ባይስማሙስ? በማን እርሻ ላይ አልፎ ይገባል? ሮብ ገበያ ከተማ የሚጠብቀንን ሰው ስንዴ ትቼ እሳቸው በር ላይ ላቁመው?"

እውነታቸውን ነው። እሷም ታውቃለች። ወጣች።

መናኸሪያ ሄዳ የአማኑኤሉን ሚኒባስ ሹፌር አማረን አገኘችው። "እትዬ ወለተ ኪዳንን ፈልግልኝ። ጉዳዩን ይንገሩህ። ካልነገሩህም ሲደውሉ ሰላምታውን ይተዉት በላቸው።"

አማረ ማምሻውን ተመለሰ።

"አገኘኋቸው። ጉዳይዎን ለኔ ይንገሩኝ ብላቸው፣ የኔን ነገር በሰው አፍ አልክም፣ እኔው እደውልላታለሁ አሉ።"

"ሰላምታውን ይተዉት አልካቸው?"

አማረ መሪውን አሸት አሸት አደረገ። "አንቺ ደግሞ። ለእናቴ እኩያ ሴት፣ ሰላም አይበሉ ልበላቸው? እሷም ሰላም ብላዎታለች አልኳቸው። ደስ አላቸው።"

እውነትም በማግስቱ ጠዋት መልእክታቸው ነበረ። "ያለምወርቅ ልጄ፣ ሰው ልከሽ ስላስጠየቅሽኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይብዛ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ጋሽ አብዱልአሊምስ፣ እኔማ እንዲያው ይኼ ስን…" ጢጥ።

ያቺን "ስን" ደጋግማ ሰማቻት። ቢሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርታ አሰማች። ጋሽ አብዱልአሊምም ሰሙ፤ ጺማቸውን ያዝ አድርገው፣ "ሮብ ገበያ ያለው ኮምባይነር ሥራውን ሲጨርስ፣ ሰኞ በዚያው ይለፍ" አሉ። ያለምወርቅ ሰኞን ላለመጠበቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሷ ሄዳ ከአፋቸው ልትሰማ ቆረጠች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቆረ። ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር ያለምወርቅ ቢሮ ነበረች። መስኮቱን ዘጋችው፣ መልሳ ከፈተችው። ዝናቡ በረዶ የተቀላቀለበት ነው። ስልኩን አነሳች፤ የእትዬ ወለተ ኪዳን ቁጥር ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ጠፍቷል፣ አማረንም ጠይቅልኝ አላለችውም፤ አስቀመጠችው። የሺዋስ ጋ ልደውል አለች፤ ምን ልትለው? ሰርቨሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። እሑድ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሚኒባሱ ከከተማ አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት መልእክት ከፈተች። ድምፃቸው ነው።

"ስንዴው ተኝቷል። ኮምባይነሩ ይቅር።"

ጢጥ አላለም። ጊዜው ገና ነበር። ነፋስ ይሰማል፣ ሩቅ ውሻ ይጮኻል፣ የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማል። ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። አልጨመሩም፤ ግማሽ ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስልኩን ዘጉት።

ጋሽ አብዱልአሊም በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"እሳቸው ናቸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እስቲ መልሰሽ አሰሚኝ።"

መልሳ አሰማቻቸው። እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

"እንዴት አደራችሁ እንኳ አላሉም" አሉ።

"አላሉም።"