ባለቤት ያጣ ዓለም

ትናንት ኮምቦልቻ ቢሯችን ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ «መጀመሪያ ላይ ያለውን ሰላምታ ለምን አንቆርጠውም? ሰው ቶሎ መግባት ይፈልጋል» አለኝ። ሥራችን በመነጽር የሚገባባቸው ምናባዊ ዓለሞችን መሥራት ነው፤ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ቀለምና ድምፅ ብቻ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ አብረው የሚንቀሳቀሱ። «አይቆረጥም!» አልኩት፣ ራሴንም እስኪገርመኝ ቆጣ ብዬ። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ሰላምታው ከዓመታት በፊት የመጣ ነው። ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ሳልይዝ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጓደኛዬ ከዘይነባ ጋር በተከራየናት ክፍል እኖር ነበር፤ የመጀመሪያውን በመነጽር የሚገባበት ዓለሜን የሠራሁትም እዚያው ነው። ክረምት ነው፤ ጉሙ አይገፈፍም፣ መብራቱም እንዳሻው ይሄዳል ይመጣል። ሐርቡ ወላጆቼ ቤት ድረስ ሽማግሌ ተልኮልኝ፣ አባቴ ሊወስዱኝ እንደሚመጡ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ቆሜ እበላለሁ፣ እየዞርኩ አወራለሁ። «አንች ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!» ትለኛለች ዘይነባ።

አባቴ ከቆላው ፓፓያ ይዘው፣ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጡ መጡ። ሻንጣሽን ሸክፊ አሉኝ፤ ሸከፍኩ። «ከመሄዳችን በፊት ግን የሠራሁትን አንዴ ይዩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ካዩት አይወስዱኝም ብዬ ነበር። ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። መነጽሩን አደረግሁላቸው። ዓለሙ የሚነቃው እጅ ሲነሣ ነው። አባቴ ግን «አሰላሙ አለይኩም» አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ኮምፒውተሩ ላይ የማየው ጨለማ ብቻ ሆነ። ተበላሸ ብዬ ሽቦውን ነካካሁ፣ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

«አባየ፣ እጅዎን ያንሱት እንጂ!»

«የሰው ቤት ገብቸ እጀን ልሰድ? ሰላም ብል የሚመልስ የለ፣ ግባ የሚል የለ። ባለቤቱ የት ሂዶ ነው?»

ዘይነባ ሳቋን አፈነች። እኔ ግን ሽቦውን ጥዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ አባየ።»

«አንች?»

«አዎ፣ የእኔ ነው። ወአለይኩም አሰላም። ይግቡ።»

«ቢስሚላህ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ቢጫና አረንጓዴ ከጣታቸው ሥር ፈሰሰ። ወዲያ ሲሉት ወዲያ፣ ወዲህ ሲሉት ወዲህ ይላል፤ ድምፁም ይከተላቸዋል። «ሱብሃነላህ» ይላሉ እያሰለሱ። እኔ የማየው ቀለሙን ሳይሆን አፋቸውን ነበር።

መነጽሩን አወለቁ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ወደ በሩ ሄዱ። ሻንጣዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው። ደጃፉ ላይ ዞረው አዩኝ።

«ምን ሁነሽ ነው ልጀ? ባለቤት እንግዳውን ይሸኛል እንጂ አብሮት ይሄዳል?»

እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። ሽማግሌዎቹን ምን ብለው እንደመለሱ አልነገሩኝም፤ አሁን ደግሞ የምጠይቃቸው አባት የሉኝም። ያን ክረምት ሁሉ በስልክ ሥራ አገኛለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ እያልኩ ተከራክሬያቸዋለሁ። «የእኔ ነው» ያልኳቸው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ቀደም ብዬ ብናገረው ኖሮ ምናልባት መነጽሩም ባላስፈለገ ነበር እያልኩ፣ ዛሬም እንቆራጠጣለሁ።