ለመጽሐፍ የተላክን ሽማግሎች

ላይብረሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ጋሪ አንዱ ጎማው አይዞርም ነበር። ገፋ ሳደርገው ወደ ግራ ይሄድና ከሕፃናት መጻሕፍት መደርደሪያ ጋር ያላትመኛል። አለቃዬ ዳያን የምትባል፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ነበረች። ሰዎች በውጭው ሳጥን የመለሷቸውን መጻሕፍት ለቅሜ፣ ጀርባቸው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ለይቼ፣ ወደየቦታቸው እንድመልስ አሳየችኝ። ከዚያ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። «ሰው የሚወስደውን መጽሐፍ አይተህ ምንም አትበል። ፊትህም እንዳይናገር።»

እኔ ደግሞ ፊቴ ዝም ብሎ አያውቅም። በዚያው ዕለት ከሰዓት አንድ ግዙፍ ሰውዬ ስለ ክብደት መቀነስ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ሲወጣ ፈገግ አልኩ። ዳያን አየችኝ። «ያ ሰው ተመልሶ ካልመጣ በአንተ ፈገግታ ነው» አለችኝ። ተመልሶ መጣ፤ እግዜር ይስጠው።

ሼልቨር፣ ማለትም መጽሐፍ ደርዳሪ፣ ሆኜ ብዙ ዓመት ጋሪ ገፋሁ። ቀጥሎ መጽሐፍ የሚሰጥበትና የሚመለስበት ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ፕሮግራም ሰጡኝ፤ ማለትም የስብሰባውን ክፍል እየያዝኩ ሰው ማሰባሰብ። ላይብረሪያችን ቻምበርስ ሮድ የሚባለው ጎዳና አጠገብ ስለሆነ በአካባቢው የሚኖረው አብዛኛው የእኛ አገር ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የአማርኛ የንባብ ክበብ ከፈትኩ። ሰባት ስምንት ሰው ይመጣ ነበር። ግማሹ መጽሐፉን አንብቦ፣ ግማሹ ሽፋኑን አይቶ።

ከሁሉም ዝምተኛዋ የውብዳር ነበረች። እንግልውድ በሚባል ጎረቤት ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች። ከፈረቃ ወጥታ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ትመጣና ጥግ ይዛ ትሰማለች። አንድ ቀን ዴስኩ ላይ መጥታ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «የቅል ዝናብ፣ አንደኛ መጽሐፍ» ይላል። የደራሲው ስም የወንድ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ምረቃ አድርጊ እንጂ። አዳራሽ እኔ እይዝልሻለሁ።»

«ጋሼ መኮንን፣ ምረቃ ባደርግ ሁሉም ይመጣል። ይገዛል፣ ‹በርቺ› ይለኛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ መጽሐፉን ሳሎን ቲቪው አጠገብ ያስቀምጠዋል። እኔ የሚያነብ ሰው ነው የምፈልገው። ክበቡ ያንብበው፤ የማን እንደሆነ ግን አይወቁ። ሁለተኛውን ጀምሬዋለሁ። ልቀጥል ወይስ ልተወው የሚለውን የምወስነው እነሱ የሚሉትን ሰምቼ ነው።»

እሺ አልኳት። ለሰው ምስጢር መጠበቅ እወዳለሁ፤ ያሳብጠኛል እንጂ አይወጣኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዝናብ ከሰማይ የማይወርድበት አገር አለ። ዝናቡን ጠባቂዎች በቅል ያኖሩታል፤ ንጉሡ ሲፈቅድ ቅሉ ይከፈታል። ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ቅል ሰርቀው በበረሃ ይጠፋሉ። ታላቅየው መንገድ ሊሰልል ቀድሞ ሄዶ በዚያው ይቀራል፤ ታናሹ የወንድሙን ሞት ከአንድ ጨው ነጋዴ አፍ ይሰማና ቅሉን ተሸክሞ ይቀጥላል። መሐል ላይ ጦርነት አለ፣ የሚናገር ጅብ አለ፣ የነገሥታት የትውልድ ሐረግ አለ። ካርታም አለው።

የውይይቱ ቀን ክፍሉ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ዳዊት ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ይኼን መጽሐፍ ተራ ስጠብቅ ነው ያነበብኩት። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ እስኪያደርግብኝ ድረስ ተራዬ መድረሱን አላወቅኩም። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ሕይወት ራሷን ነቀነቀች። ሕይወት ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ ትይዛለች፤ ፕሮቴስታንት ናት፣ ያመነችበትን ከመናገር አትመለስም። «እኔ መጀመሪያው ላይ ነው የቀረሁት። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ። ታሪኩ የቱ ጋ ነው የሚጀምረው? ወደ መሐል ገልጬ ሳይ ጅብ ሲናገር ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መንፈሴ አልተቀበለውም።»

«የበለዓም አህያ ስትናገር መንፈስሽ ምን አለ?» አላት ዳዊት።

ተሳቀ። እሷም ሳቀች። የውብዳርን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ጣቶቿን አቆላልፋ ዓይኗን ከተናጋሪው ላይ አትነቅልም። ደስ ብሏት ነበር። የሕይወት ወቀሳ ሳይቀር ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ አቶ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ያነበቡትን መጽሐፍ እንደ ተማሪ ፈተና ነው የሚያርሙት።

«ቋንቋው ጥሩ ነው» አሉ። «ካርታውም ይሁን። ነገር ግን ወንድምየው ሞተ። ነጋዴው ‹ወንድምህ ሞቷል› አለው። በቃ፣ አንድ መስመር። በሚቀጥለው መስመር ልጁ መንገድ ቀጥሏል። መርዶ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ የሚያስተዛዝን ሰው የለም። ይኼ ምን ዓይነት አገር ነው?»

«ጋሼ፣ ምናባዊ አገር ነው እኮ» አለ ዳዊት።

«ምናባዊ ይሁን። ሰው አለበት አይደል? ሰው ካለበት ለቅሶ አለበት። እኔ የምላችሁ፣ ይኼን የጻፈው ሰውዬ ሰው ሞቶበት አያውቅም።»

የውብዳር ተነሣች። «ሞቶብኛል» አለች። «ወንድሜ ሞቶብኛል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እኔም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው።

መጀመሪያ ሕይወት ተነሥታ አቀፈቻት። «የኔ እናት፣ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያልጨረስኩት እንጂ ሲጀምር ደስ ይላል።» አንዷ ስለ ጅቡ እንዴት አድርጋ እንዳሰበችው ጠየቀቻት። አንዱ ፊልም መሆን አለበት አለ። አቶ ጌጡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «ልጄ፣ አፌን በያዝኩት ኖሮ። ግሩም ሥራ ነው። እኔ ደግሞ የድሮ ሰው ነኝ፣ አትስሚኝ» አሉ። አሁን ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር የነበረ ሰው ሁሉ አንድ አፍ ሆነ። «በርቺ» ዘነበባት። ሳታመሰግን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በሳምንቱ ዴስኩ ላይ መጣች። «ሁለተኛውን ትቼዋለሁ፣ ጋሼ መኮንን።»

«ስለነቀፉሽ ነው?»

«ነቀፋው አልከፋኝም። ነቀፋውን ፈልጌ አይደል የመጣሁት? ግን መጥፎ ነው ያለኝ ሰው ወዲያው ግሩም ነው አለኝ። አሁን የቱን ልመን? ዳዊት ወድጄዋለሁ ያለውንም መጠርጠር ጀመርኩ።»

ምን ልበላት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን መጽሐፍ አይቼ ዝም ለማለት የተከፈለኝ ሰው ነኝ። አይዞሽ ብዬ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ በራሴ ተናደድኩ።

አቶ ጌጡ ደግሞ እንቅልፍ አጥተዋል። ሃቫና ስትሪት ካለው ገበያ ወጥቼ ዕቃ መኪና ውስጥ ስጭን አገኙኝ። «መኮንን፣ ያቺን ልጅ አስቀይሜያለሁ። ሽማግሌ ይዤ ቤቷ ልሄድ ነው። አንተ አንዱ ነህ።»

«ለመጽሐፍ ሽማግሌ ይላካል?»

«የተቀየመችው ሰው ናት እንጂ መጽሐፍ አይደለችም» አሉኝ። እሳቸውን ማን ይረታል። ሦስተኛው ሽማግሌ ጎረቤታቸው የሆኑ ቄስ እንደሆኑ ነገሩኝ። የውብዳር የቅዳሜ ፈረቃ አለባት፤ ስለዚህ ሥራ ሳትገባ ማልደን እንድረስ ተባለ። ማናችንም አልደወልንላትም። ሽማግሌ ደውሎ አይመጣም ይላሉ አቶ ጌጡ።

እንግዲህ አስቡት። ገና አልነጋም። ብርድ ነው። አቶ ጌጡ በጥቁር ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ ቄሱ ጠምጥመው መስቀል ይዘዋል፤ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። በር አንኳኳን። የውብዳር ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ከፈተች። አየችን። ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችን።

«እናቴ ናት?» አለች።

ማናችንም ቶሎ አልመለስንም፤ ነገሩ አልገባንም ነበር። ዝምታችንን ስታይ ጫማው ከእጇ ወደቀና የበሩን መቃን ይዛ ቁጭ አለች። «ወይኔ እማዬ» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ጉርምስና ላይ ያለች ልጇ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች። «ማሚ፣ ዋት ሃፐንድ?» ትላለች፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ በማለዳ ሦስት ሽማግሌ በር ላይ መቆሙ ምን እንደሆነ ከየት ታውቀዋለች።

«ማንም አልሞተም» አሉ አቶ ጌጡ። «እናትሽ ደህና ናቸው። ስለ መጽሐፉ ነው የመጣነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ መጽሐፉ።»

የኛ ነገር! ሦስት ሽማግሌ ተሰብስበን፣ አንዳችንም ሰዓቱ የመርዶ ሰዓት መሆኑን አላሰብንም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የውብዳር መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ልጇ ውኃ አመጣችላት። ገብተን ተቀመጥን። አቶ ጌጡ ያዘጋጁትን ይቅርታ ጀመሩ። መጽሐፉ ግሩም እንደሆነ፣ እሳቸው በችኮላ እንዳነበቡት፣ አንድ መስመርም ሲበዛ እንደሆነ ተናገሩ።

«ጋሼ ጌጡ፣» አለቻቸው፣ «ሰው ሳይሞት አስለቅሰውኛል፤ እሱን ይቅር ብያለሁ። አሁን ከዋሹኝ ግን ይቅር አልልዎትም።»

አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድሜ ሲሞት ማንም ማለዳ አልመጣም» አለች። «እዚህ ገና አዲስ ነበርኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። በስልክ ነው የሰማሁት፣ ሥራ ላይ፣ የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያበጠርኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ፀጉሯን አበጥሬ ጨረስኩ። ምሳ አበላኋት። ፈረቃዬን ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። በአንድ መስመር የጻፍኩት አንድ መስመር ስለነበረ ነው።»

አቶ ጌጡ መሐረባቸውን አውጥተው ሳይጠቀሙበት መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍሽውም?» አሉ። «መስመሩ አጠረ አይደለም ያልኩት። አሁን ሳስበው፣ ከመስመሩ በኋላ ልጁ በእጁ ምን እንደያዘ አልነገርሽኝም። አንቺ ማበጠሪያ ይዘሽ ነበር።»

የውብዳር እጇን ታይ ጀመር።

ቄሱ፣ «የወንድምሽ ክርስትና ስም ማን ነው?» አሏት። ወልደ ሚካኤል አለች። ተነሥተው ጸለዩለት። ከዚያ አቶ ጌጡ፣ ቀጥዬ እኔ፣ ተራ በተራ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልናት። ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተን ለቅሶ ደረስን። ሥራ ቦታዋ ደውላ አልመጣም አለች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም ብላ አስቀመጠችን።

ሁለተኛው መጽሐፍ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ደረሰ። በገዛ ስሟ ነው ያሳተመችው። ሲጀምር ወደ መርዶው ቀን ይመለሳል፤ ታናሽየው ለጨው ነጋዴው ፍየል እያለበ ነው፤ ወሬውን ይሰማል፣ ፍየሏን አልቦ ይጨርሳል፣ ወተቱን አጥልሎ ለነጋዴው ይሰጣል፣ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው። ክበቡ አነበበው። የውብዳር ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ሕይወት አሁንም ስም በዛ አለች። ዳዊት ጦርነቱ በማነሱ ተቆጣ። አቶ ጌጡ ለቅሶው ትንሽ ረዘመ አሉ፤ ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን ያሉትን አልመለሱም። የትኛው ገጽ ላይ እንደረዘመ አውጥተው አሳዩዋት። እሷም ሦስተኛውን ጀምራለች።

በዚህ በላይብረሪ ሥራ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ ይኼን ብቻ ነው። መጽሐፉ አልጣመኝም ያላችሁትን ሰው፣ ቢከፋውም ቃላችሁን አትለውጡበት። የቱ ጋ እንዳልጣማችሁ ጨርሳችሁ ንገሩት። ቤቱ ከሄዳችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉ።