ባለ ቢጫ እግሩና ባለ ቀይ እግሩ

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ሽበት የወረራት ሴት መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«አላወቅኸኝም? ፀሐይ ነኝ፤ የቀጨኔዋ።»

አገላብጣ ስማኝ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀች። የዘገንኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አደረግኩት።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አንድ ክፍል ተምረናል። እናቷ ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ከእሷ ጋር መቀመጥ የሚወድ ተማሪ ጥቂት ነበር። የሳይንስ መምህራችን ለወላጆች ቀን የወፍ ሥዕል እንድናዘጋጅ ከሳይንስ ክበቡ ሁለታችንን መደቡን። በልጉ መሬቱን ባራሰበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ማርያምን አልፈን ወደ ሱሉልታ ረግረግ እንወርድ ነበር። ባሕር ዛፉ እንደ ረጠበ ይሸታል። እናቷ የቋጠሩላትን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ታካፍለኛለች፤ እኔም የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን ዞር ብዬ አይቼ እበላለሁ።

ረግረጉ ላይ ቅልጥማቸው ረዘም ያለ፣ ሰው ሲቀርባቸው የሚጮኹ ወፎች ነበሩ። ስማቸውን በአማርኛ የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

«እይ» አለችኝ ፀሐይ፣ «የዚህኛው እግር ቢጫ፣ ደረቱ ነጠብጣብ ነው። ያኛው ግን እግሩ ቀይ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር መቀነት አለው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።»

«ወንድና ሴት ናቸው፣ በቃ!»

«ታዲያ ባለ ቢጫዎቹ ለብቻቸው ተጣምረው ጫጩት ሲመሩ ያየሁትስ?»

በሴት መረታቴ ከነከነኝ። በወላጆች ቀን ጠዋት፣ ከሥዕሏ ሥር «ሁለት ዘመዳሞች» ብላ የጻፈችውን ፍቄ «ወንድና ሴት» ብዬ ጻፍኩበት።

ካኪ የለበሱት የክብር እንግዳ ሥዕሉ ፊት ቆመው ሳቁ። «ይህን የጻፈው ማነው? ሁለት ዓይነት ወፎች እኮ ናቸው!»

መምህሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። በዚያ ዘመን ካኪ በለበሰ ሰው ፊት መሳሳት ቀላል አልነበረም።

«እሷ ናት» አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁ።

«ድሮስ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ምን ይጠበቃል!» አሉ መምህሩ። ተማሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፀሐይ አንዴ አየችኝና ሥዕሏን ጠቅልላ ወጣች። በማግሥቱ ከክበቡ ስሟ ተሰረዘ። ወንበሯንም ወደ ኋላ ወሰደች፤ እኔ ወደዚያ ዞሬ ማየት ተውኩ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ስለ ወፎቹ አንድም ቃል አላነሣችም። ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፣ «ደውል እንጂ፣ አትጥፋ» ብላ። ይኸው ስምንት ቀኔ፤ አልደወልኩም። ያንጊዜ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። የዚህን ስምንት ቀን ዝምታ ግን በማን ላሳብብ?